የማኒላው «ውይይት»፦ የጦር ጂፕ ታክሲ ሲሆን፣ ታክሲው ደግሞ ከመንገድ ውጣ ሲባል

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

በደቡብ ፓስፊክ፣ ዛሬ ቫኑዋቱ በምትባለው አገር፣ እስፒሪቱ ሳንቶ የምትባል ደሴት አለች። ከዳርቻዋ ወደ ባሕሩ የጠለቀ ሰው የሚያገኘው ዓሣና ድንጋይ ብቻ አይደለም። ጂፕ አለ፣ የጭነት መኪና አለ፣ ቡልዶዘር አለ፣ ጎማ አለ። ሁሉም ዝጎ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተከምሮ ተኝቷል። ቦታው «ሚሊዮን ዶላር ፖይንት» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ ጦር በደሴቲቱ ያከማቸውን ተሽከርካሪ ሁሉ ጭኖ ወደ አገሩ መመለስ አልፈለገም። ማጓጓዣው ውድ ነው። አገር ቤት ያሉት የመኪና ፋብሪካዎችም ገበያቸው በርካሽ የጦር መኪና እንዲጥለቀለቅ አይሹም። ስለዚህ ደሴቶቹን በጋራ ያስተዳድሩ ለነበሩት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሹማምንት «በትንሽ ዋጋ ውሰዱት» የሚል ሐሳብ ቀረበላቸው። ሹማምንቱ ግን «ጥለውት መሄዳቸው አይቀርም፤ ያኔ በነጻ እናገኘዋለን» ብለው ዝም አሉ። አሜሪካኖቹም ወደ ባሕሩ የሚወስድ መንደርደሪያ ሠሩና መኪናውን ሁሉ ውኃ ውስጥ ከተቱት።

በዚያው ዘመን ከዚያው ጦር የተረፈ ያው ጂፕ፣ በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ሰዎች ገዙት፣ ፈቱት፣ ቆረጡት፣ ቀጠሉት፣ ጣሪያ ሠሩለት። ይኸው ሰማንያ ዓመት ያህል ቤተሰብ ያስተዳድሩበታል።

ሁለቱን ጂፖች የለየው ብረቱ አይደለም። ብረቱ አንድ ነው። የለያቸው የጠጋኙ እጅ ነው። ዛሬ ማኒላ ውስጥ በመንግሥትና በታክሲ ሹፌሮች መካከል ያለውን ረጅም ጭቅጭቅ መረዳት የሚቻለውም ከዚህ ሲነሱ ነው።

◾ ለመጠገን የተሠራ መኪና

በ1940 ክረምት የአሜሪካ ጦር ወደ 135 ለሚጠጉ ፋብሪካዎች ጥሪ አቀረበ። በአራቱም ጎማ የሚጎትት ቀላል የቅኝት መኪና ይፈልጋል፤ ናሙናው በ49 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ቀኑን ጠብቃ ያደረሰችው ባንታም የምትባል፣ ልትዘጋ የደረሰች ትንሽ ፋብሪካ ናት። ንድፉን ያወጣው ካርል ፕሮብስት የሚባል መሐንዲስ ነበር። ይሁን እንጂ ባንታም በብዛት የማምረት አቅም የላትም ተባለና ትልቁ ሥራ ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ሁለቱ በድምሩ ወደ 640,000 የሚጠጉ ጂፖች አመረቱ።

መኪናው በር የለው፣ ምቾት የለው። 4 ሲሊንደርና 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ 3 ማርሽ፣ ወደ ፊት የሚታጠፍ የፊት መስታወት፤ በቃ። ብልሃቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከሁለት ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ቢወጣም የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው እንዲገጥም ተደርጎ ነው የተሠራው። ፎርድ ብሎኖቹ ላይ ሳይቀር «ኤፍ» የምትለውን ፊደሉን ይቀርጽ ነበር፤ ቢሆንም የፎርድ ብሎን የዊሊስን አካል ያስራል። የጦሩ የጥገና መመሪያ፣ ቲ.ኤም. 9-803 የሚባለው፣ ሹፌሩ ራሱ በየዕለቱ ማየት ያለበትን ደረጃ በደረጃ ይዘረዝራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ ጋራዥ የለም። የተበላሸው መኪና እዚያው በቆመበት፣ በቅርብ ባለ ሰው፣ በተገኘው ዕቃ መነሳት አለበት።

ሰላም ሲመጣ ይህ ጠባዩ መኪናውን ከወታደር እጅ ወደ ሲቪል እጅ አሻገረው። በአሜሪካ መጽሔቶች ላይ «ጂፕ በ50 ዶላር፣ በሣጥን ታሽጎ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ለዓመታት ወጥተዋል። ብሩን የላከ ሰው የሚደርሰው ግን ከመንግሥት ትርፍ ንብረት እንዴት እንደሚገዛ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። እውነተኛውን ጂፕ በጨረታ ያገኙት ለእርሻና ለአደን ተጠቀሙበት። ዛሬ ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ እነዚህን ጂፖች በየቤታቸው ጋራዥ የሚያድሱ ሰዎች አሉ። ለፎርድ ጂፕ «ኤፍ» የተቀረጸበት ብሎን ፍለጋ ወራት የሚፈጁ አሉ። የእነሱ ጭንቀት መኪናው በ1943 ከፋብሪካ እንደ ወጣው እንዲሆን ነው።

የማኒላው ጠጋኝ ጭንቀት ሌላ ነው፤ መኪናው ነገ ጠዋት ይነሳል ወይ?

◾ ከፍርስራሹ ውስጥ

በየካቲት 1945 ማኒላ ላይ የአሜሪካና የጃፓን ጦር ለአንድ ወር ተዋጋ። ወደ 100,000 የሚጠጉ ሲቪሎች አለቁ። ከተማዋ በዚያ ጦርነት ክፉኛ ከፈራረሱት ከተሞች አንዷ ሆነች። ከጦርነቱ በፊት ሕዝቡን ያመላልስ የነበረው የኤሌክትሪክ ትራም ሐዲዱም ፉርጎውም ወደመ፤ ዳግመኛም አልተመለሰ። ሰው ግን ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም መሄድ ነበረበት።

በእጅ ያለው ጂፕ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1946 ባወጣው የፊሊፒንስ መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ትርፍ የጦር ንብረት ለአገሪቱ እንዲተላለፍ ፈቀደ። ሽያጩና ክፍፍሉ በሙስና ስሙ ጠፍቷል፤ በዚያ ዘመን ማኒላ ውስጥ «ትርፍ ንብረት» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ዘረፋ ነበር። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ብዙ ጂፖች በተራ ሰው እጅ ገቡ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የኋላው አካል ተቆርጦ እንዲረዝም ተደረገ። ለፀሐዩና ለዝናቡ ጣሪያ ተሠራ። ከኋላ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ግራና ቀኝ ተገጠሙ፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። ፊሊፒናውያን ይህን መኪና ጂፕኒ አሉት፤ «ጂፕ» ከሚለውና የጋራ ታክሲ ማለት ከሆነው «ጂትኒ» ከሚለው ቃል አዳቅለው።

ዕድሜያቸው የገፋ የአዲስ አበባ ሰዎች ይህን አቀማመጥ ያውቁታል። ከኋላ አግዳሚ ተገጥሞላቸው፣ ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጥጠው ያስቀምጡ የነበሩትን ታክሲዎች ከተማው «ውይይት» ብሎ ነበር የጠራቸው። ጂፕኒ የማኒላ ውይይት ነው። ሒሳቡም በእጅ እየተቀባበለ ከኋላ ወደ ሹፌሩ ይሄዳል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ወራጁም እንደኛው «ወራጅ አለ» ዓይነት የራሱ ጥሪ አለው፤ «ፓራ ፖ!» ይላል።

◾ ሁለት ጊዜ ትራፊ

ሌኦናርዶ ሳራኦ የሚባል ሰው ነበር። በወጣትነቱ ካሌሳ የሚባለውን የማኒላ የፈረስ ጋሪ ይነዳ ነበር። በ1953 ላስ ፒኛስ በምትባል ከማኒላ አጠገብ ባለች ከተማ በ700 ፔሶ መነሻ ጂፕኒ መሥሪያ ከፈተ። ከእሱ ቀደም ብሎ ፍራንሲስኮ የሚባል ቤተሰብም ሥራውን ጀምሮ ነበር። የጦሩ ጂፕ ክምችት እያለቀ ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ቻሲውን ራሳቸው መበየድ፣ ላሜራውን ራሳቸው መቀጥቀጥ ያዙ። በ1964 ኒው ዮርክ ላይ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን የፊሊፒንስ ድንኳን ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ የሳራኦ ጂፕኒ ነበር። የአሜሪካ ወታደር ጥሎት የሄደው መኪና ቀለምና ጌጥ ለብሶ፣ ኮፈኑ ላይ የቀድሞውን ጋሪ የሚያስታውስ የብረት ፈረስ አቁሞ፣ አሜሪካ ተመልሶ ገባ።

ከዚያ ሞተሩም ተለወጠ። ቤንዚን ይጠጣ የነበረው የዊሊስ ሞተር እየወጣ፣ ከጃፓን የሚመጣ ያገለገለ የናፍጣ ሞተር ገባበት፤ በተለይ ኢሱዙና ሚትሱቢሺ። ስለዚህ ጂፕኒ ሁለት ጊዜ ትራፊ ነው። መልኩ ከአሜሪካ ጦር፣ ሞተሩ ከጃፓን አሮጌ የጭነት መኪና። በ1945 ማኒላን ያፈራረሱት የሁለቱ ጠላቶች ብረት በአንድ ኮፈን ሥር ታረቀ።

ይህ መኪና «ስንት ዓመቱ ነው?» ሲባል ቀጥተኛ መልስ የለውም። ቻሲው የተበየደበት ዓመት ሌላ፣ ሞተሩ የገባበት ሌላ፣ ላሜራው የተቀየረበት ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያድረው ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ፍሪሲዮን ሲያልቅ፣ ባሌስትራ ሲሰበር፣ ራዲያተር ሲያፈስ ሹፌሩ ራሱ ወይም የሰፈሩ መካኒክ እዚያው አስፋልት ዳር ጨርቅ ዘርግቶ ሥሩ ይገባል። ዕቃው ከሌላ ጂፕኒ ይመጣል፤ ካልተገኘም ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል። የፊሊፒንስ ሹፌሮች ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ማየት ያለባቸውን የሚያስታውሱበት «ብሎውባጌትስ» የሚባል ቃል አላቸው፤ ከዝርዝሩ የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ባትሪ፣ መብራት፣ ዘይት፣ ውኃ፣ ፍሬን፣ የጎማ አየር፣ ነዳጅ፣ ሞተር፣ መፍቻ እያለ ይወርድና የመጨረሻው ፊደል «ራስህ» ይላል። ሹፌሩ ራሱን ከመኪናው ዕቃዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል።

ይህ ችሎታ በባንክ መዝገብ ላይ አይታይም። ግን ካፒታል ነው። አንድ ሰው ብድር ሳይበደር፣ ዲግሪ ሳይዝ፣ አሮጌ ብረትን በየቀኑ ወደ ገቢ የሚለውጥበት ካፒታል። መኪና የሌለው ሹፌር ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ነዳጁን ይሸፍናል፣ የተረፈውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ጥቂት ያጠራቀመ አሮጌ ጂፕኒ ይገዛና ራሱ እየጠገነ ባለንብረት ይሆናል። ለብዙዎች ከድህነት መውጫው መሰላል ይህ ብቻ ነበር።

◾ የመፍቻ ቋንቋ

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ አገር ቤት መመለስ ያስፈልጋል። ከላይ የተጻፉትን ቃላት መለስ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ኮፈን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ፍሬን፣ ጎማ። ካምቢዮና ካንዴላ፣ ካቻቢቴና ፒንሳም ሊጨመሩ ይችላሉ። የአማርኛ የጋራዥ ቋንቋ በአብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። ባዶሊዮ በግንቦት 1936 ከደሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነው። ወረራው በ1941 ሲያከትም ከመኪናው ብዙውን የእንግሊዝ ጦር በምርኮ ስም ወሰደው። የቀረውን ኢትዮጵያውያን ከቀሩት የጣሊያን መካኒኮች ጋር ጋራዥ ውስጥ ተገናኙት። ጠላት ሄደ፤ መኪናውም ውሎ አድሮ አለቀ። መፍቻው ግን ከነስሙ ቀረ።

ማኒላም እንዲሁ ናት። ጋራዥ በእነሱ ቋንቋ «ታልየር» ነው፣ ከስፓኝ የተወረሰ። ሹፌር «ቹፐር» ነው፤ የኛም የእነሱም ቃል ከአንድ የፈረንሳይ ቃል የተወለደ ነው። ጦር ያመጣው ብረት ይሞታል፤ ከእሱ ጋር የመጣው ሙያ ግን ካወቁበት የአገር ሀብት ይሆናል።

◾ «ዘመናዊነት» ሲመጣ

በሰኔ 2017 የፕሬዚዳንት ዱቴርቴ መንግሥት የሕዝብ ማመላለሻ ማዘመኛ ፕሮግራም አወጀ። ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ጂፕኒ ከመንገድ ይወጣል። በምትኩ የዩሮ 4 ደረጃን የሚያሟላ ሞተር ወይም ኤሌክትሪክ ያለው፣ ካሜራና የአቅጣጫ መከታተያ የተገጠመለት፣ በሩ ከጎን የሆነ አዲስ መኪና ይገባል። የግል ፈቃድ የያዘው ሁሉ ፈቃዱን ወደ ማኅበር ወይም ወደ ኩባንያ ያዛውራል።

ለመንግሥት ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ያንን ጭስ ቀኑን ሙሉ የሚምገው ከማንም በፊት ሹፌሩ ራሱ ነው። በደጃፍ የተበየደ ቻሲ በአደጋ ጊዜ ምን እንደሚሆን የፈተሸው የለም። የቀን ገቢ ለመሙላት የሚደረገው የተሳፋሪ ሽሚያም ሰው ይገድላል። በማኅበር ተደራጅቶ ደመወዝተኛ የሆነ ሹፌር መንገድ ላይ ከጓደኛው ጋር አይጋፋም የሚለው ሐሳብም በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ነገር ግን ተረቱ ድሩ ወዶ ሲያብር እንጂ ፈቃዱን ቀምተው ሲያሳብሩት ምን እንደሚሆን አይናገርም።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። አዲሱ መኪና መጀመሪያ ላይ ከ1.4 እስከ 1.6 ሚሊዮን ፔሶ ተተመነ፤ ኋላ ከ2 ሚሊዮን አለፈ። የመንግሥት ድጎማ ሲጀመር 80,000 ፔሶ ነበር፣ ከዋጋው 5 በመቶ ገደማ። ድጎማው በኋላ ከፍ ቢልም ዋናው ሸክም ብድር ሆኖ ሹፌሩ ትከሻ ላይ ቀረ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይህ ነው።

ከገንዘቡ የከፋው ግን ብዙም ያልተወራለት ነገር ነው። አዲሱ መኪና በደጃፍ አይጠገንም። ኮምፒዩተር አለው፤ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሲበላሽ የሻጩን ጋራዥ ወረፋ ይጠብቃል። መኪናው ይቆማል፣ ዕዳው አይቆምም። ትናንት ብሎን ፈትቶ ችግሩን የሚያገኝ ሰው ዛሬ ዳሽቦርዱ ላይ የበራችውን ቢጫ መብራት እያየ ስልክ ይደውላል። ፕሮግራሙ አሮጌውን ብረት ከሹፌሩ ሲወስድ በብረቱ ላይ የነበረውን ሥልጣኑንም አብሮ ወሰደ። ለዚያኛው የተከፈለ ካሣ የለም፤ ማንም አልተመነውምና።

በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ማኒላ ስትዘጋ ጂፕኒዎች ለወራት ቆሙ። በሰኔ መንገድ ሲከፈት ቅድሚያ የተሰጠው ለአውቶቡሶችና ለአዲሶቹ መኪኖች ነበር። አሮጌዎቹ እስከ ሐምሌ ጠበቁ። በዚያ መሐል ዕድሜ ልካቸውን በላባቸው ያደሩ ሹፌሮች ካርቶን ላይ ጽሕፈት ይዘው አስፋልት ዳር ለመኑ። በ2023 በመጋቢትም በታኅሣሥም የሥራ ማቆም አድማ ተመታ። የመደራጃው ቀነ ገደብ ደጋግሞ ተራዝሞ ሚያዝያ 30 ቀን 2024 ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት አብዛኞቹ ሴናተሮች ፕሮግራሙ ለጊዜው እንዲቆም ቢጠይቁም ፕሬዚዳንት ማርኮስ አልተቀበሏቸውም። ባለሥልጣናቱ ከአምስቱ አራቱ ያህል ተደራጅተዋል ይላሉ። መደራጀት ግን አዲስ መኪና መግዛት አይደለም፤ በማኅበር የታቀፈውም ብዙው ሹፌር አሁንም የሚነዳው ያንኑ አሮጌውን ነው።

◾ ሌላ መንገድ ነበር

የሚያስቆጨው ሌላ መንገድ መኖሩ ነው። ሳራኦና ፍራንሲስኮ፣ እነዚያው የድሮ ጂፕኒ ሠሪዎች፣ መልኩን እንደ ጠበቀ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ጂፕኒ ሠርተው አሳይተዋል። የቤንዚን ሞተር አውጥቶ የናፍጣ ያስገባ እጅ፣ ቢሠለጥንና ደረጃ ቢወጣለት፣ የናፍጣውን አውጥቶ የኤሌክትሪኩን ማስገባት ያቅተዋል ብሎ ማሰብ ታሪኩን አለማወቅ ነው። ጭሱን ማጥፋት ሌላ፣ ጠጋኙን ማጥፋት ሌላ። መንግሥት ሁለቱን አንድ አድርጎ ቆጠራቸው።

ጉዳዩ የማኒላ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፣ ኤሌክትሪክ ከራሱ ወንዝ ለሚያመነጭ አገር አቅጣጫው ምክንያት አለው። ነገር ግን ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ እስከ ክፍለ አገር ጋራዥ ድረስ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት በሚተላለፍ ሙያ የሚኖር ብዙ ሕዝብ አለ። ባትሪውን ማን ይጠግናል? መለዋወጫው በማን እጅ ይሆናል? የመኪናው ኮምፒዩተር የሚከፈተው ለሻጩ ብቻ ነው ወይስ ለሰፈሩ መካኒክም? እነዚህ ጥያቄዎች ከመኪናው ዋጋ እኩል አሁን መነሣት አለባቸው። ማኒላ ያነሣቻቸው ሹፌሮቹ አደባባይ ከወጡ በኋላ ነው።

እስፒሪቱ ሳንቶ ባሕር ውስጥ የተኛው ጂፕ ሲሰጥም ደህና መኪና ነበር። ሞተሩም፣ ጎማውም፣ ብሎኑም ከማኒላው አያንስም። ያጣው፣ ገዝቶ ደጃፉ ላይ አቁሞ፣ ጨርቅ ዘርግቶ ከሥሩ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ያለው አገር በርካሽ ሊያጣው አይገባም።